ለሦስተኛ ፎቅ የተሰጡት አያት

ጋሽ ሾፌር መሪ ከለቀቁ ስንት ዘመናቸው! ስሙ ግን እስከዛሬ አልለቀቃቸውም። ቀኝ እግራቸውም ቢሆን ጡረታ መውጣቱን ማንም የነገረው አይመስልም፤ ሲደነግጡ ወይም ግራ ሲገባቸው ወለሉን ጥብቅ አድርጎ ይረግጣል። ፍሬን መያዙ ነው። በዚያ የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታዲያ ያ እግር የሠራውን ሥራ በሥራ ዘመኑም አልሠራውም።

ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ማለቴ ቴሌቪዥኑ እሳቸውን ሲያይ፣ የልጅ ልጃቸው መጥታ ትከሻቸውን ነቀነቀች። ቁንዶ ነው የሚሏት። ትንሽ ናት፣ ታቃጥላለች፤ ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ናቸው።

«አባባ፣ ተነስ። ኮትህን ልበስ።»

እናቷ ብትኖር «አንቱ በይ እንጂ!» ብላ በተቆጣቻት ነበር። እናትየው ግን ነርስ ናት፤ ተረኛ ሆና ሆስፒታል ውላለች። አባትየው፣ የጋሽ ሾፌር ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የአንድ ዳቦ ቤት መብራት ጠፍቶ በበዓል ዋዜማ ተጠርቶ ሄዷል። ቤት ውስጥ ያሉት አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ናቸው።

«የት ልንሄድ ነው?» አሉ ዓይናቸውን እያሹ።

«ስጦታዬን ልሰጥ።»

እሺ፣ ይሄ እንኳ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ቤት ገና ሲመጣ ልጅ የተባለ ሁሉ ከራሱ ነገር አንዱን ለጎረቤት ይሰጣል። የተረፈውን አይደለም፤ የሚወደውን። ሕጉን ያወጡት ጋሽ ሾፌር ናቸው። ድሮ፣ ያ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሆነው ልጃቸው ሕፃን ሳለ፣ ጎማዋ የወለቀ መጫወቻ መኪና በወረቀት ጠቅልሎ ለጎረቤት ልጅ ሊሰጥ ሲል ያዙት። «ቆሻሻ መጣያው ግቢው ጥግ ነው፤ የሰው በር ላይ አይደለም!» ብለው ጮኹበት። ያን ዓመት ኳሱን እንዲሰጥ አደረጉት። ልጁ ኳሴን አምጡልኝ ብሎ እዬዬውን ቢያስነካው፣ «የተሰጠ አይመለስም፣ አለቀ!» አሉት። ምን ዓይነት አንጀተ ደረቅ አባት ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ እሳቸውም አንዳንዴ ይሉታል። ልጁ ግን አድጎ ሲወልድ ያንኑ ሕግ ለልጁ አወረሰ። ቁንዶም አምና አሻንጉሊቷን ምድር ቤት ላለች ሕፃን ሰጥታ ሳምንቱን ሙሉ አኩርፋለች።

«ታዲያ ስጦታሽ የታለ?» አሏት።

ቁንዶ ወደ በሩ ሮጠች። ከበሩ ሥር አንድ ቦርሳ እየጎተተች አመጣች። የሳቸው ቦርሳ ነው፤ በሥራ ዘመናቸው ሌላ ከተማ ሲያድሩ ይይዙት የነበረው። ዚፑን ከፈት አድርገው ቢያዩ ፒጃማቸው፣ መነጽራቸው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸው፣ ደግሞ አንድ እግር ካልሲ።

ቀኝ እግራቸው ፍሬን ያዘ።

ለምን መሰላችሁ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል እንጂ፣ የጋሽ ሾፌር ጆሮ በቀደም ዕለት ባዳነቱን ረስቶ ዘመድ ሆኖባቸዋል። መታጠቢያ ቤት ገብተው ጢማቸውን ሲላጩ፣ ከግድግዳው ወዲያ ወጥ ቤት ውስጥ ልጃቸውና ምራታቸው ሲንሾካሾኩ ሰሙ። የዚያ ቤት ግድግዳ ጆሮ ብቻ አይደለም ያለው፣ አፍም አለው።

«እህቴን አነጋግሬያታለሁ፤ እሺ ብላለች» ይላል ልጃቸው። «እሷ ጋ ቢሆኑ ይሻላቸዋል።»

«መቼ ነው የምንነግራቸው?» ትላለች ምራታቸው። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሲመሻሽ ወገቧን ይዛ ነው የምትሄደው።

«ከበዓሉ በኋላ። አሁን ከነገርናቸው በዓሉም በዓል አይሆንም። አልጋቸውን አውጥተን የሕፃኑን እዚያ እናስገባለን።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ጋሽ ሾፌር ምላጩን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሲወጡ ፊታቸው ግማሹ የተላጨ፣ ግማሹ ያልተላጨ ነበር። «አባባ፣ ግማሹን ረሱት እኮ!» ብላ ምራታቸው ስትስቅ፣ «ውሃው ቀዝቅዞብኝ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም። ሴት ልጃቸው ያለችበት ከተማ ፀሐይ ስትወጣ ተነስተው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚደርሱበት አገር ነው። ያን መንገድ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰው ሲያመላልሱበት ኖረዋል። እንደ ሻንጣ ተጭነው ሊሄዱበት ነው ማለት ነው።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ቁንዶ ማጭዱን ትታ ቦርሳ አቀበለቻቸው።

«ማነው ያዘዘሽ?» አሏት።

«ማንም።»

«አባትሽ ነው?»

«አይደለም!» አለች፤ ዓይኗ ፍጥጥ አለ። «አባዬ እንዳይሰማ!»

እንግዲህ እዚህ ላይ ጋሽ ሾፌር ነገሩ ዞረባቸው። ልጃቸው ሕፃኗን ልኮ እያስወጣቸው ከሆነ፣ እንዳይሰማ ማለት ምን ማለት ነው? ካልላካት ደግሞ ቦርሳው ምን ይሠራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ቢጠረጥሩም ምኑን እንደሚጠረጥሩ አጡት። ኮታቸውን ለበሱ። ምን ያድርጉ? እሷን ብቻዋን አይለቋት ነገር።

በሩን ቆለፉና ጋሽ ሾፌር በደረጃው ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ፣ ወደ መናኸሪያው ሊወርዱ ሲሉ ቁንዶ እጃቸውን ይዛ ወደ ላይ ጎተተቻቸው።

«ወደ ላይ ነው እንዴ?»

«ወደ ላይ ነው። ና ዝም ብለህ።»

ሦስተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ሰፊዋ ይኖራሉ። ብቻቸውን ናቸው፤ ምላሳቸው ስለት አለው። የሕንፃውን መስኮት ሁሉ ያለበሱ ሴትዮ የራሳቸው መስኮት ላይ ግን ጋዜጣ ለጥፈው ነው የሚኖሩት፤ ጊዜ የለኝም ይላሉ። በሩን ሲከፍቱ የልብስ ሜትር አንገታቸው ላይ፣ እስፒል ከንፈራቸው መሀል ነበር።

ቁንዶ ቀጥ ብላ ቆመች። «እንኳን አደረሰዎ። የምወደውን አምጥቼልዎታለሁ።»

መጋረጃ ሰፊዋ የልጅቷን እጅ አዩ፤ ባዶ ነው። ቦርሳውን አዩ። በቅንድባቸው «የታለ?» አሉ።

«ይኸው» ብላ ቁንዶ አያቷን ከኋላ ገፋ አደረገቻቸው።

ሴትዮዋ መሳቅ ፈለጉ፣ እስፒሉ ግን አፋቸውን ይዞታል። አንድ በአንድ እያወጡ ደረታቸው ላይ ሰኩት። «ጋሽ ሾፌርን?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ። መድኃኒቱ ቦርሳው ውስጥ ነው። ሻዩ ላይ ስኳር እንዳይበዛበት። ቴሌቪዥን እያየ ይተኛል፤ ከጠፋ ግን ይነቃል፣ ስለዚህ እንዳያጠፉት።» ከዚያ ድምፅዋ ቀጠነ። «ቻው አባባ።»

ቻው ብላ ግን አልሄደችም። ደፉ ላይ ቆማ የጫማዋን ጫፍ ታያለች። እንባዋ ጫማዋ ላይ ጠብ አለ።

«የልጅ ቀልድ ነው እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን» አሉ ጋሽ ሾፌር።

«የምን ይቅርታ? ሰው በበዓል ስጦታ ይዞ መጥቶ ደጅ ይቆማል እንዴ? ግቡ!» አሉ መጋረጃ ሰፊዋ። «እኔ እንደሆን የተሰጠኝን አልመልስም።»

ገቡ። ቤቱ ጨርቅ በጨርቅ ነው፤ ወንበሩ ላይ ጨርቅ፣ አልጋው ላይ ጨርቅ፣ ስፌት መኪናው ላይ ግማሹ የተሰፋ ሰማያዊ መጋረጃ። ሻይ ተቀዳ። ጋሽ ሾፌር ገና ሳይጠጡ ሴትዮዋ የመጋረጃውን ጫፍ አስያዟቸው። «ይያዙልኝ። እንዳይረግብ፣ ቀጥ!» ያዙ። ከዚያች ከግማሽ ጢማቸው ቀን ወዲህ አንድ ሰው ይህን ያዙልኝ ሲላቸው የመጀመሪያቸው ነበር፤ ደስ አላቸው። ደስ ስላላቸው ደግሞ ተናደዱ። ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዴት ደስ ይለዋል?

«ከልጅዎ ጋር ተጣልታችኋል እንዴ?» አሉ ሴትዮዋ በሹክሹክታ።

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምንድነው ነገሩ?»

«እኔም አልገባኝም እትዬ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ልጅቷ የምወደውን አመጣሁ ትላለች። ቦርሳው ደግሞ ሂድ ይላል። አንዱን ሲያምኑ ሌላው ይጎትታቸዋል። ተወደው ነው የተሰጡት ወይስ ተሰልችተው? ደፍረው እንዳይጠይቋት መልሱን ፈሩት። ይህን ሁሉ ዘመን በጭጋግ ነድተው ያልፈሩ ሰውዬ አንድ ፍሬ ልጅ ፈሩ!

ሻዩ ሳይጋመስ በሩ ተደበደበ። ተንኳኳ አላልኩም፤ ተደበደበ። ልጃቸው ነው። ዳቦ ቤቱን ጨርሶ ሲመጣ ቤቱ ኦና፣ መድኃኒቱ የለ፣ ቦርሳው የለ። ደረጃ ላይ ያገኘው ጎረቤት ወደ ላይ ሲወጡ አይቻለሁ ባይለው ፖሊስ ጣቢያ ሊሮጥ ነበር። የመብራት መፈተሻ ካቻቢቴውን ኪሱ ውስጥ እንደሰካ፣ እያለከለከ ገባ።

«አባዬ! ምን ሆኑ? ቤቱን ዞሬ ዞሬ…» ቦርሳውን አየ። «ቦርሳ ይዘው የት ሊሄዱ ነው?»

«እሱንማ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉ ጋሽ ሾፌር፣ መጋረጃውን ሳይለቁ።

«እኔ? ምኑን?»

ቁንዶ ተነስታ በአባቷና በአያቷ መሀል ገባች። «አባዬ፣ መውሰድ አትችልም። ሰጥቼዋለሁ።»

«ምኑን ነው የሰጠሽው?»

«አባባን።»

አባትየው ሳቀ። ከድንጋጤ የወጣ ሰው ሳቅ ነው፣ አይፈረድበትም። «ቁንዶዬ፣ ሰው እኮ ዕቃ አይደለም። ሰው አይሰጥም።»

«አንተስ ለአክስቴ ልትሰጠው አልነበር?»

ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። መጋረጃ ሰፊዋ እጃቸው ስፌት መኪናው ላይ እንዳለ ቀረ። ጋሽ ሾፌርማ እግራቸው ወለሉን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ሰምቻችኋለሁ» አለች ቁንዶ፣ አሁን እያለቀሰች። «ከበዓሉ በኋላ ትወስደዋለህ። የአክስቴ ቤት ሩቅ ነው፣ ብቻዬን መሄድ አልችልም። እዚህ ግን በደረጃ እመጣለሁ። የተሰጠ ደግሞ አይመለስም፣ አባባ ራሱ ነው ያለው። እትዬ አይመልሱም፣ አንተም መውሰድ አትችልም። ማንም አይወስደውም!»

አይ ልጅ! ስጦታ አይደለም ለካ፣ ድበቃ ነው። ያቺ ሚጢጢ ጭንቅላት ላለመስጠት ብላ ሰጠች። የሚወዱትን ስጡ ብለው ያስተማሩት ሽማግሌ፣ የሚወዱትን ለማቆየት መስጠት እንዳለ ሰምተውም አያውቁም። ልባቸው ስፍስፍ አለ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የሰሙት ሁሉ እውነት መሆኑ ቁርጥ ሆነ። ሁለቱ አንድ ላይ መጡባቸውና በየትኛው ማልቀስ እንዳለባቸው አላወቁም።

«አባዬ… እርስዎም ሰምተው ነበር?» አለ ልጃቸው።

«ግማሽ ጢሜን ተላጭቼ ስወጣ ምን መሰለህ? አዲስ ፋሽን?»

ልጅየው ወንበር ሳይፈልግ ጨርቅ ክምር ላይ ቁጭ አለ። «ክፉ አስበን አይደለም። ቤቱ ጠበበ፣ ሕፃን ሊመጣ ነው፣ እሷ ደግሞ ወገቧን… ምን ላድርግ? ቢጨንቀኝ ነው።»

«መጨነቅህ አይደለም ያስከፋኝ። ሁሉም ከተቆረጠ በኋላ ልትነግረኝ መሆኑ ነው። እኔ እዚያው ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ እኮ! በሩን አንኳኩተህ አባዬ ጨነቀኝ ብትለኝ፣ አልጋዬን ራሴ ተሸክሜ አወጣልህ ነበር። ከፋኝ። በጣም ነው የከፋኝ።»

መጋረጃ ሰፊዋ፣ «እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ ስጦታው የኔ ነው» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ።

ልጃቸው ተነሳ። «እሺ፣ ይቅር። አይሄዱም። እንውረድ አባዬ። ሕፃኑን ከእኛ ጋር እናስተኛዋለን፣ ምንም አይደል።»

«አላምንህም» አለች ቁንዶ።

ይህን አንድ ልጅ ለአባቱ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ሰውዬው ኤሌክትሪክ የያዘው ያህል ክው አለ። ሲወጣ ሲገባ እንደ መልአክ የምታየው ልጁ ናት እኮ!

«ምን ላድርግ እንድታምኚኝ?» አላት ዝቅ ብሎ።

«ለአክስቴ ደውል። አሁን። ድምፁን ልቀቀው፣ ሁላችንም እንስማ።»

ደወለ። ምን ምርጫ አለው? ድምፁንም ለቀቀው። ስልኩ ጥቂት ጠራና የሴት ልጃቸው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። ከኋላዋ የሳህን ኮሽታና የልጆች ጩኸት ይሰማል።

«ወንድሜ! እንኳን አደረሰህ!»

«እንኳን አብሮ አደረሰን። ስሚ… የአባዬ ነገር። አስበንበት ነበር። አይመጡም። እዚሁ እኛ ጋ ይቆያሉ።»

ከወዲያ በኩል ትንፋሽ ተሰማ። ረጅም ትንፋሽ ነው።

«ውይ ተመስገን!» አለች። «እኔ እኮ እሺ ያልኩህ እምቢ ማለት አፍሬ ነው። ባለቤቴ ሲነጫነጭ ነው የከረመው። የት አስተኛቸዋለሁ፣ ምን አበላቸዋለሁ እያልኩ እንቅልፌን አጥቼልህ ነበር። ገላገልከኝ! ብቻ እንዳትነግራቸው፣ በሞቴ…»

ልጅየው ስልኩን ሊያጠፋ ጣቱን ቢሰነዝር ጣቱ አልታዘዝ አለው። ሽቦ በጨለማ የሚቀጥል ሰው አንዲት ቁልፍ ማግኘት አቃተው። ጋሽ ሾፌር መጋረጃውን ቀስ ብለው ወንበሩ ላይ አጋደሙና እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱ።

«እንኳን አደረሰሽ፣ ልጄ» አሉ። ድምፃቸው ደህና ነበር። «ልጆቹን ሳሚልኝ።»

ሳህኑ ኮሽታውን አቆመ። «አባዬ?» አለ ከሩቅ አንድ የቀጠነ ድምፅ። ጋሽ ሾፌር ስልኩን ለልጃቸው መለሱለት፤ ልጃቸውም ተቀብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የሚገርመው ጋሽ ሾፌርን ሳቅ መጣባቸው። ሳቁ ደግሞ እንባ ይዞ ነው የመጣው። ለካ እሳቸውን አንዱ ለመስጠት ሲጨነቅ ሌላዋ ለመቀበል ስትጨነቅ ከርመዋል! ሁለቱም የሳቸው ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም በእጃቸው አሳድገዋል፤ ሁለቱም ክፉ አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይቀል ነበር፤ ተቆጥተው ይገላገሉ ነበር። አሁን ማንን ይቆጡ?

መጋረጃ ሰፊዋ ቦርሳውን አንስተው ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አስያዙትና ወደ ቁንዶ ጎንበስ አሉ። «ስሚኝ የኔ እናት። አያትሽ የኔ ናቸው፣ ተቀብያለሁ። ለማደሪያ አውስሻለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ጨርቅ የሚይዝልኝ ሰው ያስፈልገኛልና እንዲመጡልኝ። ሌላ ሰው ሊወስዳቸው ከመጣ መጀመሪያ እኔን ያናግር!» የመጨረሻውን ሲሉ ያዩት ልጅየውን ነበር። ልጅየው አንገቱን ደፋ።

ወረዱ። ጋሽ ሾፌር በአንድ እጃቸው መደገፊያውን፣ በአንዱ ቁንዶን ይዘዋል። ልጃቸው ቦርሳውን ይዞ ከኋላ ይከተላል።

«አባባ፣ ከፍቶሃል?» አለች ቁንዶ።

«አዎ፣ ከፍቶኛል።»

«በኔ ነው?»

«ባንቺማ አይደለም።»

«ታዲያ በማን ነው?»

ቆም አሉ። ቢያስቡ ቢያስቡ አንድ ስም ሊመጣላቸው አልቻለም። ከኋላቸው የልጃቸው እርምጃም አብሮ ቆመ፤ እሱም መልሱን እየጠበቀ ነበር።

«አላውቅም ቁንዶ» አሉ። «እውነቴን ነው፣ አላውቅም። ብቻ እጄን አትልቀቂኝ።»

ቁንዶ አልለቀቀችም። በሩ ተከፍቶ ሲገቡ አልለቀቀችም። ኮታቸውን ሊያወልቁ ሲሞክሩም አልለቀቀችም፤ አንዱ እጅጌ ሳይወልቅ እንደዚያው ተቀመጡ።